ቆማ የምታስበው

መስከረም 13

ዛሬ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነበትን ቀን ለመጻፍ አዲስ ደብተር መጀመር የኔ ቢጤ ሰው ሥራ ነው።

አዲሱ ክፍሌ ሦስተኛ «ለ» ነው። ከዴስኩ ልጁ ይበዛል። ተጣብበው ተቀምጠው አንዱ ሲጽፍ የጎረቤቱ ክርን አብሮ ይጽፋል። በመስኮቱ በኩል ጋራዥ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ማባዛትን የምናጠናው በመዶሻ ምት ነው። ለነገሩ ምቱን አይስትም…

ከልጆቹ አንዷ ገና ከመግባቷ ቅጽል ስም ይዛ መጣች። እንዝርት ይሏታል። ለምን እንደሚሏት ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ትሾራለች። ከመቀመጫው ጋር የተኳረፈች ትመስላለች። እርሳሷ ይወድቃል፣ ልታነሳ ትወርዳለች፣ ከዴስኩ ሥር የሌላ ልጅ ጫማ ማሰሪያ ታገኛለች፣ ከታሰረ ትፈታዋለች፣ ከተፈታ ታስረዋለች፣ ብቅ ስትል እርሳሱን እዚያው ረስታዋለች።

«እንዝርት፣ አሁን ምን አልኩ?»

«'አሁን ምን አልኩ?' አሉ ቲቸር።»

ልክ ናት። ምን ልበላት?

እህቴ እራት ላይ «ዛሬስ?» አለች። ታላቄ ናት። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን ወሬ ከሰው ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ አሁን የሚገናኝ ወሬ ከኔ ብቻ ትጠብቃለች።

«ምንም» አልኳት።

«ምንም ከሆነማ ከማለዳ ጀምሮ የት ነበርክ?»

መስከረም 23

እንዝርት ዛሬ ጠመኔ በላች። ምን ምን ይላል? አልኳት። አሰበችበት። «ጠመኔ ጠመኔ» አለች።

መስከረም 30

ግማሽ ቀን ሥልጠና። በመደበኛ ክፍል ውስጥ የመማርና ትኩረት የመስጠት ችግር ያለባቸውን ተማሪዎች ስለማገዝ። ርዕሱን አንብቤ ስጨርስ የራሴ ትኩረት አልቆ ነበር።

አሰልጣኟ ግን ጎበዝ ወጣት ናት። ስለ ትኩረት ማጣት ስታስረዳን አጠገቤ ያለው የስፖርት መምህር አንቀላፋ። አየችው፣ ዝም አለችው። «ይኸውላችሁ፤ እሱም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ክፍሉ ሞቆ ነው» አለች። መስኮት አስከፈተች። ነቃ።

አንድ ነገር ጻፍኩ ካለችው፦ ልጁን ለክፍሉ ከማስተካከል ክፍሉን ለልጁ ማስተካከል ይቀላል።

ለሻይ ስንወጣ ተከትዬ ጠየቅኳት። ከየት ልጀምር?

«ዓይናቸውን ከሚሰርቀው ነገር።»

እሺ።

ጥቅምት 3

የክፍሉን ግድግዳ አራቆትኩት። ካርታው፣ የፊደል ገበታው፣ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል፣ የወፎቹ ሥዕል… ሁሉም ወረደ። ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ምንም የማይሰርቅ ግድግዳ። ኮራሁበት።

ግድግዳው ሲራቆት ስንጥቁ ታየ። ከዕረፍት በፊት ወሬው ግቢውን ሞላው፤ ሦስተኛ «ለ» ያለው ስንጥቅ ዳይሬክተሩን ይመስላል ተባለ። አፍንጫው በተለይ። ከአንደኛ ክፍል ሳይቀር እየተሰለፉ መጥተው አዩ።

ለብቻዬ ስቀር ተጠግቼ አየሁት። ይመስላል።

ጥቅምት 4

ካርታውን መልሼ ሰቀልኩ። አፍንጫው ላይ።

ጥቅምት 11

ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ዕድሜው ከኔ በብዙ ያንሳል። «ጋሼ» ካለኝ እምቢ ሊለኝ ነው። «መምህር» ካለኝ ሊያዘኝ ነው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ…»

«የቷ?»

«ጋሼ ደግሞ! የምትሾረዋ።»

አምናም እንዲሁ ነበረች አለ። ለጥቂት ነው ያለፈችው፣ ያውም በልመና። አጠገብ ያለው ክፍል ስሞታ አቅርቧል። ለሷም ደግ አይደለም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና እስኪያልቅ እንታገሥ። ካለፈች አለፈች። ካላለፈች ግን ወደ ጓሮ ክፍል።

የጓሮ ክፍል ማለት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች አንዲት ቤት ናት። ከሌላው እኩል መሄድ ያቃታቸው ልጆች እዚያ ይውላሉ። ደግ መምህርት አለቻቸው። ዶቃ ይሰካሉ፣ ሥዕል ይቀባሉ፣ ይዘምራሉ። ማንም አይቆጣቸውም። ማንም ማባዛት አያስተምራቸውም። ከዚያ ወጥቶ ወደ ክፍሉ የተመለሰ ልጅ አላየሁም።

ክፉ ቦታ ቢሆን እኮ መከራከሩ ይቀል ነበር…

ጥቅምት 15

ይህን ቶሎ ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

በትምህርት ቤታችን መልስ የሚሰጥ ልጅ ይነሳል፤ መልሶ ይቀመጣል። ዛሬ ማባዛት እያስከለስኩ ነበር።

«እንዝርት፣ ሰባት ጊዜ ስምንት?»

ተነሳች። «ሃምሳ ስድስት!»

ክፍሉ ዞሮ አያት። «ጎሽ። ቁጭ በይ። ስምንት ጊዜ ስምንትስ?»

ተቀምጣለች። ዓይኗ ሄደ… ጋራዡ፣ ጣሪያው፣ የጎረቤቷ ጆሮ። ምንም የለም።

«ተነሺ!» አልኩ ልቆጣት።

ተነሳች። «ስልሳ አራት።»

እ?

«ቁጭ በይ። ዘጠኝ ጊዜ ስድስት?» ምንም። «ተነሺ።» «ሃምሳ አራት!»

ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀች። እኔ ጠመኔውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከመስከረም ጀምሮ የምላት ምንድን ነው? «ቁጭ በይና አስቢ።» አምፖሉን አጥፍቼ ለምን አትበሪም እያልኩ ስቆጣ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

እራት ላይ እህቴ ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትስቀው አለችኝ። ነገርኳት።

«ታዲያ አቁማታ» አለች። ይኸው ነው። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ፈጀ።

ጥቅምት 18

ዘበኛው ዕቃ ቤቱን ከፈተልኝ። መቀመጫው የወለቀ ዴስክ አገኘን። ከማያልቀው አጥር ግንባታ ብሎኬት ለመንን። ዴስኩን ከክፍሉ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል፣ ብሎኬት ላይ ሰቀልነው። እንዝርት ስትቆም ክርኗ ላይ ልክ ይመጣል። የሚያምር ነገር አይደለም፤ የንግግር መድረክ ይመስላል።

ወገቤ የለም። እህቴ ዘይት እያሸችኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ብሎኬት መሸከም ያማረህ አሁን ነው?» በሷ ቤት ልጅ ነኝ። ጸጉሬ የሸበተው ለጨዋታ ነው።

ጥቅምት 20

ጉድ ፈላ።

ጠዋት በኩራት ተናገርኩ፦ «ይህ ዴስክ መቀመጥ ለሚቸግረው ልጅ ነው።» ከዚህ የባሰ አረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ አልተናገርኩም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር፦

«ቲቸር፣ እኔንም ይቸግረኛል።»

«እኔንማ ከሱ ይብስብኛል!»

አንዱ ጉልበቱን ይዞ መጣ። አንዷ «እናቴንም ይቸግራታል፣ የዘር ነው» አለች። አንዱ መቀመጥም መቆምም ይቸግረኛል አለ፤ ቤቱ መሄድ ነበር የፈለገው።

ከዚያ ጠበቃው ተነሳ። መነጽር ያለው፣ ትንሽ፣ ሲናገር ጣቱን ወደ ጣሪያ የሚቀስር ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ አጸደቅኩት።

«ቲቸር፣ ጥያቄ አይደለም። አቤቱታ ነው።»

«ቀጥል።»

«እንዝርት ትረብሻለች፤ ዴስክ ተሠራላት። እኔ አልረብሽም፤ ምንም አልተሠራልኝም። ስለዚህ ልረብሽ?»

«ነገ እመልስልሃለሁ» አልኩት።

«ነገ ስንት ሰዓት?»

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው ሌላ ነው። እንዝርት ዴስኩ ጋ ብቻዋን ቆማ፣ ሁሉም ዞሮ እያያት፣ ጭራሽ ምንም አልሠራችም። ሲደወል መጥታ በቀስታ፦ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ከጓሮ ክፍል ላድናት ብዬ ክፍሌ ውስጥ ትንሽ የጓሮ ክፍል ሠርቼላታለሁ፤ ያውም በብሎኬት።

ጥቅምት 21

ለአቤቱታው መልስ ሰጠሁ። «ትናንት ያልኩትን እርሱት። ዴስኩ የማንም አይደለም። መቆም ያሰኘው ይቆማል፣ መቀመጥ ያሰኘው ይቀመጣል። ሥራው ግን ይሠራል።»

ጠበቃው መነጽሩን አስተካከለ። «ይግባኝ የለኝም።»

ከዕቃ ቤት ሁለተኛ ዴስክ አወጣን። ብሎኬቱን በዚህኛው ዙር ዘበኛው ተሸከመ። እኔ በሐሳብ አገዝኩት።

ጥቅምት 30

ሰልፉ አለቀ። ሰው ሁሉ እስኪደርሰው ሲጋፋ ሰንብቶ አንድ ትልቅ ነገር ተገነዘበ፤ መቆም ያደክማል። ጠበቃው ሁለት ቀን ቆሞ በሦስተኛው «መብቴን አስከብሬያለሁ፤ አሁን ልቀመጥ» አለ።

አሁን ከኋላ የሚቆሙት ሁለት ናቸው። እንዝርትና… ከዕረፍት በኋላ ሁሌ የሚተኛው ረጅሙ ልጅ! ማንም አልላከውም። በራሱ ሄዶ ቆመ። ከቆመ ወዲህ አልተኛም። ዛሬ እንዲያውም ጠየቀኝ፣ ያስተማርኩትን ነገር። ድምፁን ሰምቼው ስለማላውቅ ማን እንደተናገረ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

እንዝርትን ደግሞ አሁን ማንም ዞሮ አያያትም። ትሠራለች፣ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ እግር ትቀይራለች፣ ትሠራለች። ሽመላ።

ኅዳር 9

የእንዝርት አባት መጣ። ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶት ነው የመጣው። ሲያወራ ዓይኑ የኮቴን ትከሻ ይለካል።

«ምን አጠፋች?»

«ምንም።»

አላመነኝም። «ከዚህ ስጠራ ሁሌ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ» አለ። ቆየና «ለማንኛውም ይቅርታ» አለ።

ስለ ፈተናውና ስለ ጓሮ ክፍል ነገርኩት። ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ።

«እኔ እኮ መምህር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ ነው የምውለው። የሷንም ድርሻ ተቀምጬላታለሁ።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ቤት ውስጥ እንዴት ታጠናለች? አልኩት። «እሷ አታጠናም፤ እኔ ነኝ እየተከተልኩ የማነብላት» አለ። መከርን። አንድ ጥያቄ ትሥራ፣ ከዚያ ከስፌት ሱቁ ጫፍ ካለው ሳጥን አንድ የልብስ ቁልፍ ታምጣለት። ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ቁልፍ። እሷም ትንቀሳቀሳለች፣ እሱም ቁልፍ አያጣም።

ሊሄድ ተነስቶ በሩ ላይ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና… እጅጌዎ ረዝሟል። ማን ነው የሰፋው?»

ኮቴን አውልቄ ሰጠሁት። በሸሚዝ ወደ ቤት ስገባ እህቴ «ተዘረፍክ?» አለች።

ኅዳር 15

ኮቴ መጣ። እጅ እንዳለኝ ታወቀ።

ኅዳር 22

ዛሬ ክፍል ውስጥ ያልኩት ቃል በቃል፦ «መጽሐፋችሁን አውጡ፣ ያቆምንበትን ግለጡ፣ ሁለተኛውን አንቀጽ አንብቡ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ተዉት፣ የቀረውን ደብተር ላይ ሥሩና ሲደወል ጠረጴዛዬ ላይ አድርጉ።» በአንድ ትንፋሽ።

ሲደወል ግማሹ ክፍል ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ ሠርቷል። አንዱ ባዶ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አድርጓል። እንዝርት መጽሐፏን አውጥታለች። ከሁሉም የታዘዘችውን በትክክል የፈጸመች እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን።

ተናደድኩ። ቤት ገባሁ። እህቴ ሱቅ ላከችኝ፤ ሳሙና፣ ክብሪትና ሽንኩርት። ክብሪትና ጋዜጣ ይዤ ተመለስኩ።

«ሳሙናውስ?»

«መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነበር…»

«ሽንኩርቱስ?»

«ሽንኩርት ብለሻል?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ያቺ እንዝርት የምትላት ልጅ፣ ዘመዳችን ትሆን እንዴ?»

ኅዳር 23

አንድ ትእዛዝ። ዝም። ሁሉም እስኪፈጽም መጠበቅ። ሌላ ትእዛዝ። ሰሌዳው ላይም በአጭሩ እጽፈዋለሁ፣ ያልሰማ እንዲያይ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ደነገጥኩ፤ ታመው መሰለኝ። ለካ እየሠሩ ነው።

ታኅሣሥ 7

የሙከራ ፈተና ሰጠሁ። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ጥያቄ። የእንዝርት ወረቀት የመጀመሪያው ጥያቄ ተሠርቷል፣ በትክክል። ከዚያ በታች መርከብ አለ። ቆንጆ መርከብ ነው፣ ጭስ ሁሉ አለው። ቁጥሩ ሲበዛባት መሰለኝ ዓይኗ ማረፊያ ያጣል። በቆመችበት እንኳ።

ታዲያ እነዚያ የአባቷ ቁልፎች…

ታኅሣሥ 8

መቀስ ያዝኩ። ፈተናውን በየጥያቄው ብጣሽ ብጣሽ አድርጌ ቆረጥኩት። አንድ ብጣሽ ትወስዳለች፣ ዴስኳ ጋ ቆማ ትሠራለች፣ አምጥታ ትሰጠኛለች፣ ሌላ ትወስዳለች። ጫማዋ ይጮኻል ብዬ ስሰጋ ራሷ አውልቃ በካልሲ ተመላለሰች፣ እንደ ድመት።

ጨረሰች። ሁሉንም! መርከብ የለም። ሁለት ስታለች፤ ሁለቱንም አንስቼ አየኋቸው። መጥፎ ጥያቄዎች ናቸው። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ረጅሙ ልጅም ብጣሽ እፈልጋለሁ አለ። ቆረጥኩለት። ጠበቃው መጥቶ መቀሱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ «ጥያቄው ያው ከሆነ ተቃውሞ የለኝም» ብሎ ተመለሰ። ማን ጠየቀው?

ታኅሣሥ 20

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። መጠየቅ ያለብኝ ቀላል ነገር ነው፤ ትልቁን ፈተና እንዝርት ቆማ ትሥራ፣ ወረቀቷ ይቆረጥ።

«ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱ አልተቀመጠም።

«ጋሼ…»

በቃ፣ እምቢ ሊለኝ ነው።

«…ፈተና እኮ ፈተና ነው። ለሁሉም እኩል ነው።» መስኮቱን ከፈተ።

«ጥያቄው ያው ነው። ሰዓቱም ያው ነው። ወረቀቱ ብቻ ነው የሚቆረጠው።»

«ሌሎቹ ልጆች አድልዎ ነው ቢሉስ?» መስኮቱን ዘጋ። ወደ ፋይል መደርደሪያው ሄደ።

«ብለው ጨርሰዋል። ጠበቃ አላቸው።»

«ደግሞ መቆም! ሰው ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ ነው የሚያስበው።» ይህን ያለው ከመደርደሪያው ወደ በሩ እየሄደ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሾረ ነው።

አየሁት ብቻ። ማየቴን አየ። ከዚያ ሁለታችንም ወንበሩን አየን። ከተሾመ ጀምሮ ያለ ወንበር ነው። የመጣበት ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተቀደደም።

የቁልፉ ድምፅ ቆመ።

«እኔ ራሴ ገብቼ እፈትናታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከረበሸች ግን ወረቀቱን እሰበስባለሁ።»

«እሺ።»

«መምህር» አለኝ በሩ ላይ ስደርስ። «ሥራዎን ይቀጥሉ።»

ታዘዝኩ።

ጥር 16

ፈተና ደረሰ። ከክፍል ስንወጣ እንዝርት እጅጌዬን ያዘች፣ ያጠረውን።

«ቲቸር፣ ካቃተኝ ዶቃ ነው?»

ማን ነገራት? ልጆች ሁሉን ያውቃሉ።

«ዶቃ አትወጂም?»

«እወዳለሁ።» ትንሽ ሾረች። «ግን ማባዛት ገና አልጨረስኩማ።»

ጥር 19

ዛሬ ነበር።

ማንም የራሱን ክፍል አይፈትንም፤ ስለዚህ እኔ ግድግዳው ማዶ፣ ሦስተኛ «ሀ» ውስጥ ቆሜያለሁ። ጆሮዬ ግን ሦስተኛ «ለ» ቀርቷል። መጀመሪያ ጸጥታ ነበር። ከዚያ አንድ ትንሽ ድምፅ። ከዚያ የዳይሬክተሩ ድምፅ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በአንድ አፍ «አዎ!!»

በቃ፣ ወረቀቱ ተሰበሰበ አልኩ። ከዚያ እንደገና ጸጥታ… መውጣት አልችልም፣ መጠየቅ አልችልም። የሦስተኛ «ሀ» ልጅ አንዱ «ቲቸር፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ ያዞረኛል» አለኝ።

ሲደወል ጠበቃው በር ላይ ጠበቀኝ።

«እንደነበረው ልንገርዎ?»

«እንደነበረው።»

«ዳይሬክተሩ ገቡ። 'ሁላችሁም ቁጭ በሉ' አሉ። እሷም ቁጭ አለች።»

«ቁጭ አለች?!»

«ትእዛዝ ነዋ ቲቸር። እሳቸው ረስተውት ነው መሰለኝ፣ የለመዱት ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ብጣሽ ሰጧት። አየችው። ብጣሹም አያት። ምንም የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጇን አወጣች። 'ይቅርታ፣ እኔ ቆሜ ነው የማስበው። ከተቀመጥኩ ያነበብኩት ይፈስብኛል' አለች።»

እንደዚህ አለች። ይህን ቃል እኔ አላስተማርኳትም። ማንም አላስተማራትም።

«እሳቸውስ?»

«ወደኛ ዞረው 'እውነቷን ነው?' አሉ። እኛም…»

«'አዎ' አላችሁ። ሰምቻለሁ። ጋራዡም ሰምቷል።»

«ፈተና ላይ መናገር ክልክል እንደሆነ እናውቃለን» አለ ጣቱን ቀስሮ። «ምስክር ስንጠየቅ ግን ምን እናድርግ?»

ከዚያ ቆመች። በካልሲ ተመላለሰች። ዳይሬክተሩ ብጣሹን አንድ በአንድ እያቀበላት እስከ መጨረሻው አደረሳት።

«ሰዓቱን ሁሉ ቆመው ነበር?»

«ኧረ ቲቸር» አለ ጠበቃው፣ «እሳቸው መቼ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

ጥር 22

ወረቀቱን የሚያርመው ሌላ መምህር ነው። ምግብ አልበላልህ አለኝ። እህቴ፦ «ለመሆኑ የተፈተንከው አንተ ነህ እሷ?»

ጥር 27

የመምህራን ክፍል ተቀምጬ ነበር። ዳይሬክተሩ ገባና በስሜ ጠራኝ። በስሜ! ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

«አለፈች» አለ።

ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፣ ተወው፣ ወጣ፣ ተመለሰ፣ «በሁሉም» አለ፣ ወጣ።

በሁሉም። በቋንቋ ለጥቂት ነው፤ ለጥቂትም ማለፍ ነው። በሒሳብ ጠበቃውን በልጣዋለች። ጠበቃው ወረቀቱን እንደገና ይታይልኝ ብሏል። ታየለት። ያው ነው። «ፍርዱን ተቀብያለሁ» አለና ሄዶ እጇን ጨበጣት። ረጅሙም ልጅ አልፏል፣ ማንም ሳይጨነቅለት።

ከሰዓት አባቷ መጣ። አሁንም ይቅርታ ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ፤ ስነግረው አፉ ላይ የነበረውን ዋጠው። ልጁን ሊያቅፋት ሄደ። ማን ሊይዛት! ግቢውን መዞር ጀምራለች። ተከተላት። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ሜትሩ ከኋላው እየተውለበለበ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው እንዲህ ይሮጣል አልልም ነበር። ዘበኛው አጨበጨበ። ደረጃው ላይ ቆሜ እንደ ጅል ስስቅ ዳይሬክተሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

ለእህቴ ነገርኳት። ዝም አለች። ወሬ ሰምታ ዝም ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ተነስታ ስልክ አነሳች። ለስንት ሰው እንደደወለች አላውቅም።

የካቲት 5

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተጀመረ።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠራ፤ እንደ ወትሮው ቆሞ መራው። ከጓሮ ክፍል ልጆች በየክፍሉ ይግቡ አለ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እስቲ እንሞክረው። አጉረመረሙ። እኔን አየኝ። «ቦታ አለዎት?» የለኝም፤ ክርን እንኳ ማሳረፊያ የለም። «አለኝ» አልኩ። ደጓ መምህርትም አብራ ትወጣለች፣ በየክፍሉ እየዞረች ታግዘናለች። ማባዛት ማስተማር ናፍቆኛል አለች። ለካ እሷንም ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት የኔዎቹ መጡ። አንዷ ገብታ ወዲያው ከጠበቃው ጋር ክርክር ጀመረች፤ ለሷ አላስብም። ሁለተኛው ትንሽ ልጅ ነው፣ ጸጥ ያለ፤ በሩ ላይ ቦርሳውን አቅፎ ቀረ። ሰው ሲያየው ይበልጥ ያቅፈዋል። ገፍቼ ማስገባት አልፈለግኩም። እንዝርትን ጠራሁና ክፍሉን አሳዪው አልኳት። አንድ ትእዛዝ።

እጁን ይዛ ወሰደችው። እኔ ሰሌዳ የማጸዳ መስዬ ጀርባዬን ሰጥቼ እየሰማሁ ነው። ይህ መስኮት ነው፣ ያ ጋራዥ ነው፣ መዶሻውን ትለምደዋለህ። ይህ መቀስ ነው፣ ወረቀት ከበዛብህ ቲቸር ይቆርጡልሃል። ከዚህ እዚህ ድረስ መመላለስ ይቻላል፣ ጫማ ግን ይወልቃል። ይህ ደግሞ መቆሚያ ነው።

ልጁ ዴስኮቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«መቀመጥስ ይቻላል?»

እንዝርት አሰበችበት፣ ቆማ።

«ይቻላል» አለችው። «አንዳንድ ልጆች ይቀመጣሉ። ማንም ምንም አይላቸውም።»